በየደቂቃው «ማን ነህ?» የሚል ኮምፒውተር

የማያውቃችሁ ሰው «ማን ነህ?» ቢላችሁ ቅር አትሰኙም። በር ላይ የቆመ ዘበኛ ቢሆን፣ አዲስ የተቀጠረች ጸሐፊ ብትሆን ሥራቸው ነው። የሚያናድደው የሚያውቃችሁ ሲጠይቅ ነው። ትናንት የጠየቃችሁ፣ ዛሬ ጠዋት የጠየቃችሁ፣ መልሳችሁለት አፋችሁን ሳትገጥሙ ደግሞ የሚጠይቃችሁ። የጎረቤት ውሻ እንኳ ሁለት ቀን ይጮኽባችኋል፤ በሦስተኛው ቀን ጅራቱን ይቆላል። እኔ የከብት ሐኪም ረዳት ነኝ። አንድ ጊዜ መርፌ የወጋኋት ላም ከዓመት በኋላ ገበያ መሀል ለይታኝ፣ ባለቤቷን እየጎተተች ስትሸሽ አይቻለሁ። ለላም የተሰጠ ማስተዋል ለኮምፒውተር ምነው ተነፈገ?

የምሠራው አምባ ጊዮርጊስ ነበር፤ በአንድ የከብት ጤና ፕሮጀክት ቅርንጫፍ ቢሮ። ቢሮ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። ሦስት ክፍል፣ አንድ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ፣ አንድ የሚሠራ ኮምፒውተር፣ አንድ ደግሞ ይመጣል የተባለ ኮምፒውተር አለው። ስብሰባ ላይ ከሚሠራው ይልቅ ስሙ የሚነሣው የሚመጣው ነው።

ቤቴ ግን ጎንደር ነው። ቤቴ ስል ልጄ ያለችበት ማለቴ ነው። ወለላ አራት ዓመቷ ነው፤ ከአማቴ ጋር ትኖራለች። እናቷ አዝመራ በጥር አረፈች። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ሰው በበቂ አዝኖልኛል። ይህ ካልተነገረ የኮምፒውተሩ ነገር አይገባችሁም ብዬ ነው።

ቅዳሜ ጎንደር እሄዳለሁ፤ እሑድ ከሰዓት እመለሳለሁ። ወለላ እሑድ ምሳ እንደተበላ አንድ ጫማዬን ትደብቃለች። ሁለቱን አትደብቅም፤ አባቷን ለማስቀረት አንድ እንደሚበቃ ታውቃለች። ትራስ ሥር አግኝቼዋለሁ፣ ድስት ውስጥ አግኝቼዋለሁ፣ የዱቄት ዕቃ ውስጥም አግኝቼዋለሁ። አንድ እሑድ ፈልጌ ፈልጌ ሳጣው በአማቴ ሸበጥ መኪና ተሳፍሬ አምባ ጊዮርጊስ ገባሁ። ሰኞ ጠዋት በሐምራዊ ሸበጥ በሬ ሳክም ያየኝ አንድ ገበሬ፣ ሐዘኑ ጭንቅላቱን ነክቶታል ብሎ አወራ። እውነቱን ነው፤ ግን በሸበጡ በኩል አልነበረም።

ስለዚህ ወደ ጎንደር ለመዛወር አሰብኩ። በዋናው ቢሮ አንድ ቦታ ሲከፈት አመለከትኩ። በሐምሌ፣ ረቡዕ ቀን፣ ከሠራተኛ አስተዳደር አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ማለፌን ነገረችኝ። ደስታዬን ሳልጨርስ ቀጠለች። ፎርም በኢሜል ተልኮልኛል፤ ሞልቼ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት በኢሜል ካልመለስኩ ቦታው ለተከታዩ ይሰጣል። ጎንደር ቅርብ ነው፣ በእጄ ይዤው ልምጣ አልኳት። ለመጣ ሰው ሻይ አለ አለችኝ፤ ፎርሙ ግን ከራስህ የቢሮ አድራሻ ካልተላከ አይመዘገብም። የቢሮው ኢሜል ደግሞ ለጥንቃቄ ተብሎ ከቢሮው ኮምፒውተር በቀር በሌላ አይከፈትም። ጥንቃቄው ከማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተነገረንም። በአምባ ጊዮርጊስ ሌባ ቢኖር እንኳ የሚፈልገው በግ ነው።

ሮጬ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። የኢሜሉን ፕሮግራም ከፈትኩ። መሀል ላይ አንዲት ሳጥን ብቅ አለች፦ ስምህን፣ ፓስወርድህን። ሞላሁ። ሳጥኗ ጠፋች። ሁለት ትንፋሽ ያህል ቆይታ ተመለሰች፦ ስምህን፣ ፓስወርድህን። «ተሳስተሃል» ብትለኝ አንድ ነገር ነው። አትልም። ገና አሁን ከበር እንደገባሁ አድርጋ፣ በፍጹም ጨዋነት፣ እንደ አዲስ ትጠይቃለች። ከሥሯ ደግሞ ምልክት የሚደረግባት ትንሽ ባዶ ቦታ አላት። «ፓስወርዱን ላስታውስልህ?» ትላለች። አስታውሽልኝ ብዬ ምልክት አደረግኩ። እሺ ብላ ጠፋች። ሁለት ትንፋሽ ቆይታ ረሳች።

ፓስወርዱን ልንገራችሁ፤ ቁጥሮቹን እስካልነገርኳችሁ ድረስ ምንም አታደርጉበትም። የሚስቴ ስም ነው፤ ከኋላው የተጋባንበት ዓመት። በፊት ፕሮግራሙ ራሱ ስለሚያስታውሰው መጻፍ አያስፈልገኝም ነበር። ከጥር ወዲህ ደግሞ ይህን ስም በፊቴ የሚጠራ ሰው የለም። እኔን ላለማስከፋት ነው። አማቴ እንኳ የገዛ ልጃቸውን «የወለላ እናት» ነው የሚሉት። እኔም እነሱን ላለማስከፋት አልጠራም። እንዲህ እየተሳሰብን ስድስት ወር ዝም ብለናል። ያን ረቡዕ ግን ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስሟን ስጽፍ ዋልኩ፤ ፊደል በፊደል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነጠብጣብ ብቻ ነው። ምን እንደተጻፈ የማውቀው እኔ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት ችግሬ የቢሮው ችግር ሆነ። መጀመሪያ የደረሰችው ጸሐፊያችን የሺ ናት። ኪቦርዱ በአማርኛ ሆኖብህ ነው አለች። በአማርኛ አልነበረም። ትልልቁን ፊደል የሚያወጣውን ቁልፍ ነክተኸዋል አለች። አልነካሁትም። ቀስ ብለህ ጻፈው አለች። ቀስ ብዬ ጻፍኩት፤ ማሽኑ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ ይመስል። አጥፍተህ አብራው አለች። ይህ እንግዲህ የኮምፒውተር ሕክምና መጀመሪያም መጨረሻም ነው። እኔም ምን እንደያዛት ላላወቅኳት ላም ቪታሚን እወጋለሁና አልፈርድም። አጠፋሁት። እሱ ሲጠፋ የከተማው መብራት አብሮ ጠፋ። እስከ ሰባት ሰዓት አልመጣም።

መብራት ሲመጣ በዋናው ቢሮ ላለው የኮምፒውተር ባለሙያ ደወልኩ። ትሑት ልጅ ነው፤ በስልክ ሲያወራ ሰውን የሚያስታምም ይመስላል። ያለኝን ሁሉ አደረግኩ። ኮምፒውተሩ ያስቀመጠውን አሮጌ ፓስወርድ ከተደበቀበት ፈልጌ ሰረዝኩ። አካውንቱን አውጥቼ መልሼ አስገባሁ። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅዬ ሰካሁ። እያንዳንዱን በፈጸምኩ ቁጥር ሳጥኗ በትዕግሥት ትመለሳለች፦ ስምህን፣ ፓስወርድህን።

«ቀኑና ሰዓቱ ልክ ነው?» አለኝ።

ጥጉ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። የእጅ ሰዓቴን አየሁ። ሁለቱም ስምንት ከሃያ ይላሉ።

«ልክ ነው» አልኩት። «ቀኑም አሥራ ስምንት ይላል። ዛሬ አሥራ ስምንት አይደል?»

«ነው» አለ። «ነገ ገብርኤል ነው።»

ሁለታችንም ረክተን አለፍነው። ይህችን ንግግር ያዙልኝ።

ከዚያ ፓስወርዱን ንገረኝና ከዋናው ማሽን ላይ ልሞክረው አለኝ። ፓስወርድ ለማንም አይነገርም የሚል ወረቀት ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የለጠፈው እሱ ነው። እኔን የቸገረኝ ግን ወረቀቱ አልነበረም። ስልኩ ይቆራረጣል፤ ጮክ ማለት ግድ ነው።

«አዝመራ» አልኩት።

«ማን?»

«አዝመራ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

የሺ የምትጽፈውን አቆመች። በረንዳው ላይ ዝናብ የተጠለሉ ሁለት ገበሬዎች ወደ ውስጥ ዞሩ። የሆነ ነገር ይደረመሳል ብዬ ጠበቅኩ። ምንም አልተደረመሰም። ባለሙያው ፊደሎቹንና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ አንድ በአንድ ነገርኩት። ሞከረውና ትክክል ነው አለ። እንግዲያው አንተው ክፈተውና ፎርሙን ላክልኝ አልኩት። ፓስወርዱን ለማወቅ እንጂ ደብዳቤውን ለማየት አልተፈቀደልኝም አለ። ቁልፉን ከእኔ ተቀብሎ፣ በሩ እንደሚከፈት አረጋግጦ፣ እኔን ውጭ ትቶ ዘጋው። አልተቀየምኩትም፤ መመሪያ ነው።

ስልኩን ሳስቀምጥ የሺ አሁንም እያየችኝ ነው። የሆነ ነገር ልትል ፈልጋለች። እንዲያው አጽናኝ ነገር እንዳትለኝ ብዬ ፈራሁ።

«ያን ቀዩን ሹራብ የሠራችልህ እሷ ናት?» አለችኝ።

እሷ ናት አልኳት።

«ቀለሙ አይሆንህም።»

አዝመራም ሠርታ ከጨረሰችው በኋላ ይህንኑ ነበር ያለችኝ። ለየሺ ነገርኳት። ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት ድረስ ስለ አዝመራ የሹራብ ሥራ ስናወራ ቆየን። አንዱ እጅጌ ከሌላው እንደሚረዝምም ነገርኳት። ኢሜሉ አልተከፈተም። ግን ወደ ቤት ስሄድ ከረቡዕ ይልቅ ቀሎኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮ ገባሁ። አራት ሰዓት ቀርቶኛል። ለአማቴ እስካሁን አልነገርኳቸውም፤ ለወለላማ ጭራሽ። ቦታው ለተከታዩ ቢሰጥ እሑድ ጫማ ፍለጋዬን እቀጥላለሁ። ስም፣ ፓስወርድ። ስም፣ ፓስወርድ። ሦስት ሰዓት ሆነ።

ሦስት ሰዓት ላይ ዘበኛችን አያ ጥጋቡ ገቡ። የቢሮው የግድግዳ ሰዓት ከቆመ ስለሰነበተ ሰዓት የሚያዩት ከእኔ ኮምፒውተር ነው። ለገብርኤል ታቦቱ ሳይገባ ሊደርሱ ነጠላቸውን ለብሰዋል። በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብለው ጥጉን አዩ።

«ሦስት ሆነ» አሉ። «ሸጋ ናት ይች ኮምፒውተር። የልጄ ስልክ በጠዋቱ ‹ዘጠኝ› ይለኛል። ይች ግን እንደኛው ነው የምትቆጥር። ቀኑንም አትስት፤ ይኸው አሥራ ዘጠኝ።»

ከዚያ ፊቴን አዩ። «ምነው ሐኪም፣ አመመህ እንዴ?»

አላመመኝም። ትዝ ብሎኝ ነው።

በሐምሌ መጀመሪያ የአዝመራ መንፈቅ ነበር። ቀኑን አስቀድሜ የያዝኩት በቢሮው የፈረንጅ ካላንደር ላይ ነው። በጥር በእኛና በእነሱ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ስምንት ነበር። እኔም ስምንት ጨምሬ አከበብኩ። በሐምሌ ልዩነቱ ሰባት እንደሚሆን ማን ይንገረኝ? ጎንደር ስደርስ ፍትሐቱ ትናንት ተደርሷል። ካህናቱ ሄደዋል፤ ጎረቤት ያዋሰውን ወንበር መልሶ እየወሰደ ነው። አማቴ አልተቆጡኝም። «መንገዱ ጭቃ ነው አይደል?» ብለው የእግር ውሃ ሰጡኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቢሮ ስመለስ በንዴት የኮምፒውተሩን ቀን ወደ እኛ ለወጥኩት። ዓመቱን የእኛን ዓመት አደረግኩ። ሐምሌ አሥራ አንደኛ ወር ነው፤ ወሩን አሥራ አንድ አደረግኩ። ሰዓቱንም ከጠዋቱ አንድ ብዬ አስጀመርኩት። ከኢንተርኔት ራሱን እንዲያስተካክል የሚያደርገውን ነገርም አጠፋሁበት፤ ሐሳቡን እንዳይለውጥ። ሁለተኛ በፈረንጅ ቀን አልታለልም አልኩ። ለአንድ ኮምፒውተር አዋጅ አውጥቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ገጠር ለገጠር ከብት ስንከትብ ስለቆየን ኢሜል የከፈተ የለም። እኔም ነገሩን ረሳሁት። ጥጉ ላይ ያለውን ቀን ባየሁት ቁጥር ልክ ነው። ለምን አይሆን? ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።

ለባለሙያው ደውዬ ተናዘዝኩ። ሳቀ፤ ብዙ ሳቀ። ከዚያ «ነው፣ ነገ ገብርኤል ነው» ያለው ራሱ መሆኑ ትዝ ሲለው ሳቁን ዋጠ። እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። የእኔ ኮምፒውተርና የዋናው ቢሮ ማሽን ከመነጋገራቸው በፊት መታወቂያ ይተያያሉ። መታወቂያው ላይ የተሰጠበት ቀን አለ። የእኔው ኮምፒውተር ግን የኖረው ከዛሬ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር በፊት ነው፤ ቁጥሩን እንደ ፈረንጅ ስለሚያነበው። ገና ያልተሰጠ መታወቂያ የሚያሳየውን ሰው ማን ያምናል? ስለዚህ ፓስወርዱን አልናቀውም። ቀኑ አልደረሰለትም።

የቀኑን ማስተካከያ ከፈትኩ። መጫን ብቻ ነው የቀረኝ። እጄ ማውዙ ላይ ቆመ።

ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በፊት እኔ ኮሌጅ ነበርኩ። ከአዝመራ ጋር አንተዋወቅም፤ ለመተዋወቅ ገና ከዓመት በላይ ይቀረናል። እዚያ ቀን ላይ ያለ ሰው አይቀብራትም። ኮምፒውተሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚያ ነበር የተቀመጠው። እና «አዝመራ» ስለው ደግሞ ደጋግሞ «ማን?» ቢል ምን ይፈረድበታል? አያውቃትም። እኔም ያኔ አላውቃትም ነበር። ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ጠብቅ፣ ታገኛታለህ፣ ሹራብም ትሠራልሃለች ባልኩት።

እንዲህ ሆኜ ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ቀና ስል አያ ጥጋቡ ሄደዋል። ከዚያ አንድ ነገር አሰብኩ። በዚያ ዓመት ወለላም የለችም። ጫማዬ ሁለቱም በር ሥር ናቸው፤ የሚደብቅ የለም።

ተጫንኩት።

ሳጥኗ መጣች። ስሜን፣ ፓስወርዴን። ጠፋች። ሁለት ትንፋሽ ቆጠርኩ። ሦስት። አራት። አልተመለሰችም። የሁለት ሳምንት ደብዳቤ ተግተልትሎ ወረደ፤ ፎርሙ ከመሀል ነበር። የትዳር ሁኔታ የሚል ቦታ ነበረው፤ ሞልቼ አለፍኩ። የልጅ ብዛት፣ አንድ። አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ላክኩት። ሴትዮዋ ደውላ ደርሶናል አለች፤ አሁን ለሻዩ መምጣት ትችላለህ።

ከሰዓት አያ ጥጋቡ ከገብርኤል ተመልሰው ሰዓት ሊያዩ ገቡ። ስምንት ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ ሁለት ይላል። ቀኑንም አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ደኅና የነበረችውን አበላሻችኋት» አሉ።

ልጄ ጋ ልገባ ነው አያ ጥጋቡ፣ ጎንደር ተዛወርኩ አልኳቸው። መረቁኝ፤ ከልባቸው መረቁኝ። ምርቃቱን ሲጨርሱ ከመሄድህ በፊት ግን ይችን አስተካክላት አሉኝ። ለስንብት ትልቅ የእኛን ካላንደር ግድግዳው ላይ ሰቀልኩላቸው። ሰዓት አይናገርም ብለው አልወደዱትም።

አሁን ጎንደር ነኝ። ወለላ እሑድ ጫማ መደበቅ ትታለች። አሁን የምትደብቀው በየጠዋቱ ነው፤ ስለዚህ ቢሮ ዘግይቼ በመግባት እታወቃለሁ። አማቴ እኔ ፓስወርዱን ጮክ ብዬ የተናገርኩበትን ታሪክ ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ከዚያ ልጃቸውን በስሟ ጠሯት። የአዝመራን ሙት ዓመት ቀን ካላንደሩ ላይ አብረን አከበብን። እኔ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ፤ እሳቸው ሦስት ጊዜ ቆጠሩ።

በአዲሱ ቢሮ የራሴ ኮምፒውተር አለኝ። ሰዓቱን አልነካሁትም። ጠዋት ጠዋት ኢሜሉን ስከፍት ሳጥኗ ትመጣለች፦ ስምህን፣ ፓስወርድህን። እጽፋለሁ፤ ፊደል በፊደል፤ ትከፍታለች። ባለፈው ሳምንት ያ ትሑት ባለሙያ በአጠገቤ ሲያልፍ አየና አዘነልኝ።

«ዛሬም ይጠይቅሃል?» አለ። «ከሥር ያለችው ላይ ምልክት አድርግባት እንጂ። ሁለተኛ አይጠይቅህም።» እጁን ወደ ማውዙ ዘረጋ።

«ተወው» አልኩት። «ይጠይቀኝ።»

ምሳ ሰዓት ላይ ለሁሉም እንዲህ ብሎ አወራ አሉ፦ ያ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣው ሰው የማይችለው ቀን መቁጠር ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ኮምፒውተሩን «አስታውስ» ማለትም አያውቅበትም።